የእማማ መዳፍ ያወቀው ብረት

ምንነታቸው ስላልታወቀ የድሮ ዕቃዎች በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁለቱን መርጫለሁ። አንደኛው አጭር ነው፤ እርሱን አስቀድሜ ልመልስና ለሁለተኛው ሰፊ ቦታ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። አባቴ ሲያርፉ ከሻንጣቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አጭር ቀንድ አገኘሁ። ርዝመቱ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አፉ ሰፊና ለስላሳ ሲሆን ጫፉ ላይ መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለችው። በቀዳዳዋ ዙሪያ የደረቀ ጥቁር ነገር ተለጥፏል። ወንድሜ የቀለም ቀንድ ነው ይላል፤ አባታችን በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩና። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የቀለም ቀንድ ጫፉ አይበሳም። ጸሐፊው ቀንዱን በሹል ጫፉ መሬት ላይ ይተክለውና ብርዑን ከላይ እያጠቀሰ ይጽፋል። ጫፉ ቢበሳ ኖሮ ቀለሙ ሁሉ አፈር ይጠጣው ነበር። የእርስዎ ቀንድ ዋግምት ነው።

አገሚው የታመመውን ቦታ፣ ግንባርን ወይም ማጅራትን ወይም ጀርባን፣ በምላጭ ጫር ጫር ያደርግና የቀንዱን ሰፊ አፍ ይደፋበታል። ከዚያ በጫፉ ቀዳዳ አየሩን በአፉ ይስባል። አየሩ ሲወጣ ቀንዱ ቆዳውን ነክሶ ይይዛል፤ አገሚውም አፉ ውስጥ ባቆየው ሰም ቀዳዳዋን በምላሱ ይደፍናታል። ደሙ ቀስ እያለ ወደ ቀንዱ ይሰበሰባል። ያ የደረቀ ጥቁር ነገር እንግዲህ ያ ሰም ነው። እባክዎን ፍቀው አያንሡት፤ ቀንዱ ምን እንደነበር የሚናገረው እርሱ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ እርስዎም ሆኑ ልጆችዎ ለመሞከር ብላችሁ አፋችሁ ላይ እንዳታደርጉት። ዋግምት ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር የኖረ፣ ደም የነካ ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የደብረ ማርቆስ ነዋሪና መምህርት ነኝ። አያቴ ካረፈች በኋላ ገጠር ያለውን ቤቷን ስናጸዳ ከቆጡ ላይ አንድ ብረት ወረደ። 35 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። መሐሉ የአውራ ጣቴን ያህል ይወፍራል፤ ወደ ሁለቱም ጫፍ እየቀጠነ ሄዶ መጨረሻው እርሳስ ያህላል፤ ነገር ግን አይወጋም። ቀዳዳም እጀታም የለውም። ባለቤቴ ከዓድዋ የተረፈ የጦር ቁራጭ ነው ብሎ ሳሎን ሊሰቅለው ይፈልጋል። ልጄ ደግሞ የሊጥ መዳመጫ ነው ትላለች። እናቴ ፈታይ ናት፤ የድሮ ዕቃ የማታውቀው የለም እንል ነበር፤ ይህን ግን አላወቀችውም። የአያቴ ታናሽ እኅት፣ እኛ እማማ የምንላት፣ በሕይወት አለች። ጆሮዋ ስለከበደ ጥያቄዬን አልሰማችኝም፤ ብረቱን ሳሳያት ግን ፈገግ ብላ ሁለት መዳፎቿን ወደ ታች ደፍታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቀሰችልኝ። ልጄ ይህን ስታይ "ይኸው፣ ሊጥ ነው" አለች። ምን ይሉናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሦስተኛው ላይ ዕንባዬ መጣ። ምክንያቱን ከታች እነግርዎታለሁ።

ልጅዎ ስሙን በትክክል ጠርታዋለች፤ የሳተችው የሚዳመጠውን ነገር ብቻ ነው። ይህ ብረት መዳመጫ ነው፤ የሚዳምጠው ግን ሊጥ ሳይሆን ጥጥ ነው። ጥጥ ከነፍሬው ተለቅሞ ሲመጣ ፍሬውን ከጭረቱ፣ ማለትም ከሚፈተለው ነጭ ለስላሳ ጥጥ፣ የሚለየው ሥራ መዳመጥ ይባላል። ሊጥን መዳመጥም፣ መንገድ የሚደለድለውን ትልቅ ተሽከርካሪ "ዳምጠው" ማለታችንም ከዚሁ ግሥ ነው። አስፋልት ላይ የሚንከባለለውን ያን ከባድ ብረትና በአያትዎ መዳፍ ሥር ይንከባለል የነበረውን ይህን ግማሽ ኪሎ ብረት በአንድ ስም ያስተሳሰራቸው እንቅስቃሴው ነው። እማማ በመዳፋቸው ያሳዩዎትም ይህንኑ ነው። ጆሯቸው ጥያቄዎን ባይሰማም እጃቸው መልሶልዎታል።

አሁን ብረቱን ወደ ብርሃን ያቅርቡትና አብረን እንየው። ከደብዳቤዎ ጋር በላኩልኝ ፎቶ ላይ እንደሚታየው ሦስት ቦታ ያብለጨልጫል፦ መሐሉና ሁለቱ ጫፎቹ። በእነዚህ መካከል ያሉት ሁለት ቀለበቶች ግን ጠቆር ብለዋል፤ የመዶሻው ምትም እስካሁን ይታይባቸዋል። መሐሉን ያብለጨለጨው ጥጥ ነው። ጫፎቹን ያብለጨለጨው መዳፍ ነው። ጠቆር ያለውን ቦታ ጥጡም እጁም አልነካውም። ጦር ቢሆን ኖሮ እንጨት የሚሰካበት ጎድጓዳ ይኖረው ነበር፤ ቢያንስ አንደኛው ጫፉም ይሳል ነበር። የሊጥ ቢሆን ደግሞ መሐሉ ወፍሮ ጫፉ ባልቀጠነ፤ ሊጡን መሐሉ ላይ እየሸረሸረ ዳርና ዳሩን ወፍራም ይተወዋልና።

የመሐሉ መወፈር ምክንያት አለው። ብረቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ በመሐሉ ብቻ ያርፋል፤ ሁለቱ ጫፎች ከድንጋዩ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ዳማጯ ጫፎቹን በመዳፏ ስታንከባልል ጣቷ ከድንጋዩ ጋር አይላተምም፤ የክንዷም ኃይል ሁሉ ጥጡ ባለበት በመሐሉ ላይ ይሰበሰባል። የአውራ ጣት ያህል ብቻ መወፈሩም በስሌት ነው። ቀጭን ብረት ሲንከባለል ጭረቱን ነክሶ ከሥሩ ያሳልፋል፤ ፍሬውን ግን ክብ ስለሆነ ሊነክሰው አይችልም፤ ወደ ፊት እየገፋ ከጭረቱ አላቅቆ ይጥለዋል። ብረቱ ወፍራም ቢሆን ፍሬው ላይ ይወጣና ይጨፈልቀዋል። የጥጥ ፍሬ ዘይት አለው፤ ከተጨፈለቀ ዘይቱ ጭረቱን ያቆሽሸዋል። ይህን የሠራ ቀጥቃጭ እጁ ውስጥ ያለውን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር።

እኔ ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ያደግሁት ወሎ ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ከአያቴ ጋር ነው። ባቲ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ገበያ አያቴ ከቆላ የመጣ፣ ከነፍሬው ያለ ጥጥ ትገዛ ነበር። መጀመሪያ ቁርበት ላይ ፀሐይ ታስመታዋለች፤ እርጥብ ጥጥ ፍሬውን አይለቅምና። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ድንጋዩን ከፊቷ አስቀምጣ በጉልበቷ ትንበረከካለች። በግራ እጇ ጥቂት ጥጥ ቆንጥራ ድንጋዩ ላይ ትዘረጋለች፤ ብረቱን ከቅርቧ ጀምራ ወደ ፊት ትገፋዋለች፤ ጭረቱ ከብረቱ በስተኋላ እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ይወጣል፤ ፍሬው ከፊት ከፊት ጠብ ጠብ እያለ ሰፌዱ ላይ ይወርዳል። እኔ ሥራዬ ፍሬውን መሰብሰብ ነበር። ጭጋግ የመሰለ ለስላሳ ጠጉር ለብሶ፣ እጅ ላይ ሲይዙት ሞቅ ያለ ነበር። ያን ጊዜ የወለደችው ላማችን ትበላዋለች።

ከ3 ኪሎ ያልተዳመጠ ጥጥ የሚገኘው ጭረት 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሌላው ሁሉ ፍሬ ነው። ያንን 1 ኪሎ በዚህ ብረት በጭብጥ በጭብጥ አውጥቶ ጋቢ እስኪሆን ማድረስ የስንት ከሰዓት በኋላ ጉልበት እንደሚጠይቅ ያዩ ብቻ ያውቁታል።

ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆነኝ "እኔ ልሞክር" አልኋት። ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ ባለኝ ኃይል ሁሉ ተጫንሁት። ፍሬው ጠረቅ ብሎ ፈነዳና ነጩ ጥጥ ላይ ቢጫ ነጥብ ተወ። አያቴ አልተቆጣችም። መዳፏን በመዳፌ ላይ ደርባ "አትጫኚው፤ አንከባልዪው። ክብደቱ የብረቱ ነው፤ ያንቺ መንገዱን ማሳየት ነው" አለችኝ። የእጇ ሻካራነት እስከ ዛሬ ድረስ እጄ ላይ አለ። እርሷ ስታርፍ እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርሁ። ለዓመቷ ተዝካር ስሄድ ብረቱን ፈለግሁት፤ ዘመዶቼ ለቀጥቃጭ ሰጥተውት ማጭድ ሆኗል። ማንንም አልወቅስም፤ ማጭድም ያስፈልጋል፤ ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ግን ያ ብረት ከእሳት የተመለሰ ያህል ተሰማኝ። ዕንባዬም ለዚህ ነው።

እናትዎ ፈታይ ሆነው ሳለ ለምን አላወቁትም? ይህ ከጥያቄዎ ሁሉ የሚበልጥብኝ ክፍል ነው። በፈትል ሥራ ውስጥ ብዙ ዕቃ ቢኖርም ሁሉም በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ በቀሰም ይጠነጠናል፣ ከዚያ ሸማኔው ድርና ማጉን አዋሕዶ ነጠላ ወይም ጋቢ ያወጣዋል። ከዚህ ሰንሰለት ቀድሞ የተበጠሰው የመጀመሪያው ቀለበት፣ መዳመጡ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በታችኛው አዋሽ፣ ተንዳሆ ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመን ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሳ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ። መዳመጡን መኪና ከተረከበው ወዲህ ፍሬው የወጣለት ጥጥ ገበያ ውስጥ በኪሎ ይገዛ ጀመር። ቆይቶ ሸማኔውም ድሩን ከፋብሪካ መግዛት ያዘ። የሴቶቹ እንዝርት ግን ማጉን መፍተሉን አልተወም፤ ዛሬም አልተወም። ስለዚህ እናትዎ እንዝርቱን ከእናታቸው ተቀብለዋል፤ መዳመጫው ግን እርሳቸው ለሥራ ሳይደርሱ ቆጥ ላይ ወጥቷል። የፈታይ ልጅ የሆነች ፈታይ ይህን ባለማወቋ ልታፍር አይገባም። በእናትዎና በእማማ ዕድሜ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ብረት ነው።

ለባለቤትዎም አንድ ቃል አለኝ። ጦር አለመሆኑ ቅር እንደሚያሰኛቸው ይገባኛል፤ የዓድዋን መታሰቢያ ቤቱ ሊሰቅል የሚፈልግ ሰው የተከበረ ነገር ነው የተመኘው። ግን የጥጥ ሥራ በዚህ ምድር ከዓድዋ ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግዕዝ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ውስጥ ካጠፋቸው ነገሮች መካከል የእህልና የጥጥ ጎተራዎች ተቆጥረዋል። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕልም የብሥራቱን ሥዕል ቀና ብለው ቢያዩ እመቤታችን እንዝርት ይዛ፣ ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነው መልአኩ የሚያገኛት። በብረት ዘንግና በድንጋይ ጥጥ መዳመጥንም ማሊና ናይጄሪያ ያሉ እናቶች እንደኛው ያውቁታል። ደግሞስ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት የለበሰውን ኩታና ጋቢ ማን ዳመጠው? ማንስ ፈተለው? ይህን ብረት ሳሎን ቢሰቅሉት ያሰቡት ቁም ነገር አልቀረባቸውም።

ከመስቀላቸው በፊት ግን እንዲያደርጉልኝ የምለምንዎት ነገር አለ። ደብዳቤዎ ስለ ድንጋዩ ምንም አይልም። ብረቱ ብቻውን ግማሽ ዕቃ ነው። መዳመጫ ሁለት ነው፦ ብረቱና ድንጋዩ። ድንጋዩ ከሁለት መዳፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ ጠፍጣፋ፣ ላዩ እንደ ሳሙና የለሰለሰ፣ ምናልባትም መሐሉ በጣት ሲዳብሱት ጥቂት ጎድጎድ ያለ ነው። ወፍጮ አይደለም፤ ወፍጮ ሻካራ እንዲሆን እየተወቀረ ነው የሚኖረው፤ ይህ ግን አይወቀርም። ቆጡ ላይ ካልተገኘ በር ሥር ደፍ ሆኖ፣ ወይም የጋን ማስቀመጫ ሆኖ፣ ወይም ጓሮ ልብስ ማጠቢያ ሆኖ ያገኙታል ብዬ እገምታለሁ። ቤቱ ሳይሸጥ ወይም ሳይፈርስ ይሂዱና በመዳፍዎ እየዳሰሱ ይፈልጉት። ዓይን ያልፈዋል፤ መዳፍ አያልፈውም።

ብረቱን በአሸዋ ወረቀት እንዳይፍቁት። ዝገት ካለበት በደረቅ ጨርቅ ያሹት፤ ከዚያ ጥቂት ዘይት በነካ ጨርቅ አብሰው ጭስና እርጥበት ከሌለበት ቦታ ያስቀምጡት። ቀለም አይቀቡት። የመዶሻው ምትና የመዳፉ ብልጭታ ከጠፉ የቀረው ተራ ብረት ነው። አዲስ አበባ ከመጡም ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ልጅዎን ይዘው ይጎብኙት፤ የሀገራችንን የእጅ ሥራ ዕቃዎች በቅርብ ታያለች።

የመጨረሻው ልመናዬ ስለ እማማ ነው። እባክዎን እንደገና አይጠይቋቸው፤ ጆሯቸው ከብዷልና ጥያቄ ያደክማቸዋል። ከፍሬው ያልተለየ ጥጥ በሰው አስመጥተው፣ ግማሽ ኪሎም ቢሆን ይበቃል፣ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ያስመቱት። ድንጋዩን ካገኙ ድንጋዩን፣ ካላገኙ ለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገው በፊታቸው ያስቀምጡ። ብረቱን ድንጋዩ ላይ ያኑሩት፤ ጥጡን ከጎኑ፤ ሰፌዱን ከፊት። መንበርከክ ካልቻሉ ድንጋዩን ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉላቸውና እርሳቸው ዱካ ላይ ይቀመጡ። ከዚያ ምንም አይበሉ፤ ጥቂት ይጠብቁ። ልጅዎን ከእርሳቸው በስተቀኝ ያስቀምጧት፤ እናትዎን በስተግራ። እማማ መዳፋቸውን በልጅዎ መዳፍ ላይ የደረቡ እንደሆነ ፎቶ ለማንሣት አይቸኩሉ፤ ይጨርሱ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ፎቶ፣ የእጆቻቸውን ብቻ፣ ለዚህ ዓምድ ይላኩልኝ።